ኮምፕሬሰርና በአየር የሚሠሩ መሣሪያዎች፦ በኮምቦልቻና በደሴ ጋራዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣ ከባድ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹፌሩ ከምሳው በፊት የሚያስበው ጎማውን ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ጎሚስታዎች፣ ባትላሜራዎች፣ ቀለም ቀቢዎችና ሶፋ ሠሪዎች ሥራቸው ቢለያይም ሁሉም ጥግ ላይ ቆሞ የሚንደቀደቅ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር አምቆ ታንክ ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን አላቸው። በዚህ ሙያ ስቆይ ልብ ያልሁት ነገር ሰው ኤሌክትሪክን ይፈራል፣ የብየዳ እሳትንም ይፈራል፤ አየርን ግን የሚፈራ አላየሁም። «ነፋስ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ይባላል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለማጅ ልጆችና የጋራዥ ባለቤቶች ሥራ ላይም፣ ከአቦል እስከ በረካ በሚዘልቀው የቡና ወግም ሲያነሱልኝ ኖረዋል። የመለስሁትን ትንሽ አሰፋፍቼ ጽፌዋለሁ።

በአየር የሚሠራ መሣሪያ በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በምን ይሻላል?

የዳዶ መፍቻው፣ ግራይንደሩ፣ መሰርሰሪያው፣ የሶፋ ስቴፕለሩ፣ የቀለም መርጫውና የድንጋይ መብሻው ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። የሚሽከረከሩት አብዛኞቹ በሆዳቸው ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ የላቸውም፤ አየር የሚገፋቸው ስስ ክንፎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዳዶው እምቢ ብሎ መሣሪያው ቢቆምም አይቃጠልም፣ እርጥብ ወለል ላይም ሠራተኛውን ኤሌክትሪክ አያስይዘውም። ጉልበቱ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸርም ትልቅ ነው። ዕዳው ያለው ኮምፕሬሰሩ ዘንድ ነው፤ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በየመጋጠሚያው «ሲስ» እያለ የሚወጣው አየርም በቆጣሪ የተከፈለበት ነው።

ስንት ባር ልስጠው?

ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው። አብዛኞቹ የእጅ መሣሪያዎች የተሠሩት ለ6.2 ባር ነው፤ በሌላው መለኪያ 90 ፒኤስአይ ማለት ነው። መሣሪያው ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ የተጻፈውን ይከተሉ። ብዙ ሰው የሚስተው የሚለካበትን ቦታና ጊዜ ነው። ታንኩ ላይ ያለው መለኪያ 8 ባር አለ ማለት መሣሪያው 8 ባር አገኘ ማለት አይደለም። ልኩ የሚታወቀው መሣሪያው መግቢያ ላይ፣ ማስነሻው ተጭኖ እየሠራ ሳለ ነው። ቱቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ሠራተኛውም «ደከመ» ብሎ ታንኩ ላይ ግፊት ይጨምራል። ሌላው ልጅ ነገ ያንኑ መስመር አጭር ቱቦ ላይ ሲሰካው ግራይንደሩ ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል፣ ዲስኩም እጅ ላይ ይበተናል። ግፊት ከመጨመር በፊት ቱቦውን ማወፈር ይሻላል። ለትንሽ መኪና የዳዶ መፍቻ የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ይበቃል፤ ለከባድ መኪናው መፍቻ ግን 13 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ታንክ ይፈነዳል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ ነው?

እውነት ነው። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ልቤን የሚያስጨንቀው ይህ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ ታንክ 8 ባር ሲሞላ በውስጡ የታመቀው ጉልበት አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ወደ 20 ሜትር ከፍታ ለማንሳት ይበቃል፤ ስድስት ፎቅ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ጉልበት ቀስ ብሎ በቱቦ ሲወጣ ሥራ ይሠራል፤ ብረቱ ተቀዶ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ግን ግድግዳ ያፈርሳል።

ታንክ የሚቀደድበት ምክንያት ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ዝገት ነው፤ ከውስጥና ከታች በኩል፣ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ይበላል። ከውጭ አዲስ ቀለም የተቀባ ታንክ ከውስጥ እንደ ወንፊት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የደኅንነት ቫልቩን መድፈን ነው። «ይተነፍሳል፣ አየር ያባክናል» ብለው በቦታው ብሎን ያሰሩበትን ኮምፕሬሰር በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ቫልቭ የሚተነፍሰው ሞተሩን የሚያጠፋው አውቶማቲክ ሲበላሽ ነው፤ እርሱን መድፈን የሚጮኸውን የቤት ውሻ አፍኖ ከሌባ ጋር መተኛት ነው። ሦስተኛው ታንኩን ራሱን የሚመለከት ነው፤ ለሌላ ነገር የተሠራ ሲሊንደር ወይም በርሜል ተበይዶ ታንክ ሲባል፣ ወይም የተቀደደ ታንክ ላይ የላሜራ ልጣፊ ሲበየድበት።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር። ታንኩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ፤ የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ተጽፎበታል። ሰሌዳ ከሌለው ታንኩ ምን ያህል እንደሚችል የሚያውቅ የለም ማለት ነው። የደኅንነት ቫልቩን ቀለበት በየሳምንቱ ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ካልተነፈሰ፣ ወይም ተንፍሶ ካልተዘጋ ይቀየር። ያረጀ ታንክ ላይ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ በሚያውቅ ባለሙያ በውሃ ይፈተን። ውሃ ሞልቶ፣ አየሩን ጨርሶ አስወጥቶ፣ እስከ መጠቀሚያው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ መግፋት የተለመደ ፈተና ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሸነፍ እንኳ ያነባል እንጂ አይፈነዳም። በአየር የሚፈትን ሰው ካጋጠመዎ አጠገቡ አይቁሙ።

ታንኩን በየቀኑ ማፍሰስ የግድ ነው? በሳምንት አንድ ቀን አይበቃም?

የግድ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በደቂቃ 300 ሊትር አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር በቀን ውስጥ ተደማምሮ ሦስት ሰዓት ቢሠራ 54 ሜትር ኩብ አየር አስገባ ማለት ነው። ሐምሌ ላይ፣ ኮምቦልቻ ዝናብ ሲይዛት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ13 እስከ 14 ግራም ውሃ በተን መልክ ይይዛል። አየሩ 8 ባር ላይ ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ ያንን ሁሉ መሸከም አይችልም፤ አብዛኛውን ታንኩ ውስጥ ያራግፈዋል። ሲደመር በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ጋራዥ እሑድን ሲጠብቅ አራት ሊትር ገደማ ውሃ በታንኩ ሆድ ውስጥ እያስተኛ ነው።

ማታ ሥራ ሲያበቃ መብራቱን ይንቀሉ፤ ግፊቱ ወደ አንድ ባር ገደማ ሲወርድ የታችኛውን ማፍሰሻ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ውሃው አልቆ ደረቅ አየር እስኪመጣ ይጠብቁ። ውሃው ቀይ ከሆነ ታንኩ ከውስጥ መዛግ ጀምሯል። እንደ ወተት ከነጣ ዘይት ተቀላቅሎበታልና ፒስተኑ ይታይ። ማፍሰሻው ከታች ስለሆነ አጎንብሶ መክፈት ሰው ያሰለቻል። ቧንቧ አስቀጥለው ማፍሰሻውን ወደ ጎን ያውጡት፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ያፈስሱታል።

ከቆላ ያመጣሁት ኮምፕሬሰር ደሴ ላይ ሰነፈብኝ። ተታልዬ ይሆን?

አልተታለሉም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛ ያህል። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚጎርሰው ይዘት የትም ቦታ ያው ነው፤ ጉርሻው ግን ደሴ ላይ የሳሳ ነው። ጅቡቲ ላይ ታንኩን በ10 ደቂቃ የሚሞላ ማሽን ደሴ ላይ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም።

መሣሪያው ግን አይደክምም። የግፊት መለኪያው የሚያነበው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ መሣሪያውን የሚገፋውም ያው ልዩነት ነው። 6.2 ባር ከደረሰው ባቲም ደሴም ዳዶውን እኩል ይፈታል። የሚጎዳው ኮምፕሬሰሩ ነው፤ ለተመሳሳይ ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ የሳሳውን አየር እዚያው ግፊት ላይ ለማድረስም በበለጠ ስለሚያምቀው ጭንቅላቱ ይሞቃል። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሞተሩም ተነፋሽ ነውና በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ እየጣለ ይወጣል፤ ደሴ ሲደርስ ሩቡን ያህል ጥሏል። ለደሴ፣ ለወገልጤና ወይም ለመካነ ሰላም ኮምፕሬሰር ሲገዙ ከሚያስፈልግዎ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ ይምረጡ። ሻጩ የሚያሳይዎ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ወለል ቁጥር ነው።

የአየር መስመሩን በፒቪሲ ቧንቧ መዘርጋት እችላለሁ? ርካሽ ነው።

አይችሉም። ፒቪሲ ለውሃ ነው። አየር ተሸክሞ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቅና ስብርባሪው እንደ ጥይት ይበተናል። የብረት ወይም የመዳብ ቧንቧ ይጠቀሙ፤ ወደ መጨረሻው ትንሽ ዘቅዘቅ ያድርጉትና ጫፉ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ያስገቡለት። ቅርንጫፎቹን ከዋናው ቧንቧ በላይኛው በኩል ያውጧቸው፤ ውሃው ወደ መሣሪያው ሳይወርድ ከታች ያልፋል።

ቱቦ ከመጋጠሚያው ሲወጣ እንደ እባብ ይወራጫል፤ ምን ይደረጋል?

ሮጦ ለመያዝ መሞከር አይገባም፤ ጥርስ ያወለቀ የቱቦ ጫፍ አይቻለሁ። ወደ ቫልቩ ሄደው አየሩን ይዝጉ። ቀድሞ መከላከል ግን ቀላል ነው። ቱቦው ለአየር የተሠራና ግፊቱ የተጻፈበት ይሁን፤ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ በፋሼታ አስሮ መሥራት ይቅር። በሽቦ የተጠመጠመ መጋጠሚያም ፋሼታ አይባልም። ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቱቦ ላይ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ የሚታሰር የብረት ገመድ ይኑር፤ መጋጠሚያው ቢለቅ እንኳ ቱቦው ርቆ አይሄድም። መሣሪያ ሲፈቱ ሁልጊዜ አየሩን ይዝጉ፣ ማስነሻውን ተጭነው የቀረውን ያስተንፍሱ፣ ከዚያ ይንቀሉ። ዲስክ ወይም ጫፍ ሲቀይሩም እንዲሁ ነው።

ማታ ልብሴን በአየር ባራግፍ ምን አለበት?

ይህን የማያደርግ ለማጅ አላየሁም፤ እኔም በጊዜዬ አድርጌዋለሁ። ችግሩ አየር ቆዳ ውስጥ መግባት መቻሉ ነው። በእጅ ላይ ባለች ትንሽ ጭረት በኩል ገብቶ ሥጋን ከቆዳ ይለያል፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብንም አንጎልንም ሊያቆም ይችላል። የብረት ብናኝን ዓይን ውስጥ ይተክላል፤ ጆሮ ላይ ቢነፋ ታምቡር ይቀድዳል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ዕቃ ለማጽዳት እንኳ ከ2 ባር ገደማ በላይ አይፈቀድም፤ እርሱም መከለያና መነጽር ባለበት ብቻ ነው። ልብሱን በብሩሽ ይጥረጉት።

ጓደኛን በአየር መምታት ቀልድ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ከኋላ መጥቶ ሱሪ ላይ መንፋት አንጀት አፈንድቶ ሰው ገድሏል፤ በልብስ ላይ ቢሆንም ያው ነው። ይህን ያደረገ ልጅ እኔ ዘንድ ያን ዕለት ይሰናበታል፤ ምክር የለም። አየር ቆዳ ውስጥ የገባበት ሰው ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህል እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም «አየር ነው የገባብኝ» ብሎ በግልጽ ይንገር።

ዳዶ በአየር መፍቻ አጥብቄ ብጨርስ ምን ችግር አለው?

ኮምቦልቻ ላይ የሚታሰር ጎማ ወይ ሐረጎን ይወጣል ወይ ወደ ባቲ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱም ጎዳናዎች ለላላ ዳዶ ምሕረት የላቸውም። ግን ሰው የሚረሳው ከልክ በላይ የጠበቀም እንደሚገድል ነው። የአየር መፍቻ «ተው በቃህ» ካልተባለ መምታቱን አያቆምም፤ ብሎኑ ተለጥጦ ጥንካሬውን ይጥልና መንገድ ላይ ይቀነጠሳል። አንዱ ሲቀነጠስ ሸክሙ ለጎረቤቶቹ ይተርፋል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። የብሎኑን ጥርስና ቸርኬው የሚያርፍበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ። ዳዶውን በእጅ ያስጀምሩ፤ ጥርሱ ተዛንፎ ከያዘ የአየር መፍቻው ሳያሳውቅ ይጨርሰዋል። በአየር መፍቻው እስኪቀመጥ ብቻ ያጥብቁ፣ ዙሪያውን ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ። መጨረሻው የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው በቶርክ መፍቻ ይሁን። ለአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር፣ ለከባድ መኪና ወፍራም ብሎን ደግሞ 600 ገደማ የተለመደ ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ካለ ግን እርሱ ይቀድማል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሹፌር ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ሻይ ሲጠጣ ዳዶውን እንዲያይ ይንገሩት፤ ይህን የሚነግር ጎሚስታ ደንበኛው አይጠፋም።

የመፍቻው ጭንቅላትስ? ነጭ የሚያብለጨልጨው ለእጅ መፍቻ የተሠራ ነው፤ የአየር መፍቻ ሲመታው ይፈነከታል። ጥቁሩንና ወፈር ያለውን ይጠቀሙ፤ መያዣ ቀለበቱም በቦታው ይኑር።

የከባድ መኪና ጎማ ስሞላ የት ልቁም?

ቸርኬው በሚታይበት ፊት አይቁሙ፤ መሬት በሚነካው የጎማው ጥርስ በኩል ራቅ ብለው ይቁሙ። ቸርኬው ቀለበት ያለው፣ ማለትም ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ የሚገጠም ከሆነ ጎማው ሲሞላ ቀለበቱ ሊፈናጠር ይችላል፤ የሚመታውን አያስተርፍም። ከብረት ቧንቧ የተበየደ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ አስገብተው፣ ረጅም ቱቦና ራሱን የሚይዝ አፍ ተጠቅመው ይሙሉ። ሲፈቱም ከሁሉ በፊት የቫልቩን እምብርት አውጥተው ጨርሶ ያስተንፍሱ፤ መንታ ጎማ ከሆነ ሁለቱንም።

አየሩ ጎድሎ ብዙ መንገድ የሄደ ጎማ ደግሞ የተለየ አደጋ አለው። ጎኑ ከውስጥ ተፈጭቶ ሊሆን ይችላልና ሳይፈታና ሳይመረመር አይሞላ። አፉ አልያዝ ያለን ጎማ ቤንዚን ረጭቶ በእሳት ማስያዝ የሚባለውን ነገር አይሞክሩት።

ምን ዘይት ልጠቀም? የሞተር ዘይት አይሆንም?

አይሆንም፤ በተለይ የተቀየረው አሮጌ ዘይት። ወፍራም ስለሆነ ክንፎቹን ያጣብቃል፣ ዝቃጩም ቀጭን ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ለአየር መሣሪያ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ዘይት ይግዙ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አየር መግቢያው ላይ አራት አምስት ጠብታ፣ ቀኑን ሙሉ ከሠራ ቀትር ላይ ድገሙት። ማታ ደግሞ ጠብ አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ያሽከርክሩት፤ ያደረውን ውሃ ያስወጣዋል። ይህ የማታው ጠብታ ከጠዋቱ ይበልጣል፤ በደሴ ብርድ እርጥብ መሣሪያን ለማዛግ አንድ ሌሊት ይበቃል። ሲያሽከረክሩት መተንፈሻውን ወደ ሰው አያዙሩ፤ ጨርቅ ይያዙበት። የኮምፕሬሰሩ ራሱ ዘይት ግን ሌላ ነው፤ አይተካኩም።

ማጣሪያው ያለበትን ግልጽ ኩባያ በቤንዚን አጠብሁት። ችግር አለው?

ይጣሉት። ፕላስቲኩ በቤንዚንና በቲነር ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ግፊት ሲያገኝ ይፈነዳል። የሚታጠበው በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ብቻ ነው።

ቀለም ስረጭ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይወጣብኛል።

አየሩ ዘይት ወይም ውሃ አለበት። ለዳዶ መፍቻ ዘይት የሚያጠጣውን ዕቃ በቀለም መስመር ላይ አያስገቡ፤ መስመሩም ቱቦውም ለቀለም ብቻ ይለይ። ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጭ የመኪና ቀለም የሚረጩ ከሆነ ደግሞ አፍንጫ ላይ የታሰረ ፎጣ ምንም አያደርግም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው ኬሚካል አንዴ ሳንባን ካስቆጣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አስም ያመጣል። በካርትሪጅ የሚሠራ ጭንብል ያስፈልጋል፤ ለዚህ ቀለም ግን ከሁሉ የሚሻለው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብለት ጭንብል ነው። የራስዎን ኮምፕሬሰር አየር በቱቦ ስቦ መተንፈስም አይታሰብ፤ የዘይት ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖርበት ይችላል።

ኮምፕሬሰር ሲበላሽ ከብየዳው ኦክስጅን ብጠቀምስ?

በፍጹም። ኦክስጅን በግፊት ዘይት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይነዳል። መሣሪያው ውስጥ ደግሞ ዘይት አለ። ልብስ ማራገፍም እንዲሁ፤ ኦክስጅን የጠጣ ልብስ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ካገኘችው እንደ ችቦ ይነዳል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቺንጊያው የልጁን ጣት ያዘው። ጥፋቱ የማን ነው?

ማብሪያውን ሳያጠፋ የተጠጋው፣ መከለያውን አውልቆ የጣለውም። አውቶማቲኩ ግፊት ሲወርድ ሞተሩን ራሱ ያስነሳል፤ መብራት ሲጠፋም ሲመጣም የሰውን ፈቃድ አይጠይቅም። መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉት፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሰው ይሰኩ። ቺንጊያውን ሲያስተካክሉ በመካከሉ በጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ቢጎብጥ ደህና ነው። ስለ ልብስ አንድ ነገር ልጨምር፤ በቆላው በኩል ሽርጥ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ፎጣና ሻርፕ የወንድ ልጅ ልብስ ነው፤ ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ ግን ሁለቱም ገመድ ናቸው። ሱሪ ይልበሱ፣ ፎጣውን ሚስማር ላይ ይስቀሉት።

መነጽር፣ ጆሮ መድፈኛ፣ ጓንት፤ ሁሉም የግድ ነው?

መነጽር ሁልጊዜ። ጆሮ ደግሞ እንዲህ ነው። ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው የድምፅ ልክ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የዳዶ መፍቻ 100 ገደማ ይደርሳል፤ 100 ላይ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጥጥ መወተፍ አያድንም። በጎሚስታ ሱቅ ያረጀ ሰው ሲያናግሩት እጁን ጆሮው ላይ ለምን እንደሚያደርግ አሁን ገብቶዎታል።

ንዝረት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ጣት መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ቆይቶ በብርድ ጊዜ ጫፉ ነጭ ይሆናል፣ በመጨረሻ አዝራር መቆለፍ ያቅታል፤ አይመለስምም። እጅን ሙቅ አድርጎ መያዝ፣ መሣሪያውን አለማነቅ፣ ሥራውን መቀያየር ይረዳል። መከላከያውን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል፤ ማድረግ ደግሞ የሠራተኛው ነው።

ድንጋይ የሚበሱ ልጆች ምን ይሁኑ?

በውሃ ይብሱ። ደረቅ አቧራው ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ላይ ጠባሳ እየተወ ያደድረዋል፤ መድኃኒት የለውም። ናፍጣ ኮምፕሬሰሩንም ጭሱ ወደ ልጆቹ በማይነፍስበት በኩል ያቁሙት።

መሣሪያዬ ደክሟል። ከመፍታቴ በፊት ምን ልይ?

ከቅርቡ ይጀምሩ። መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በቴፍሎን ቁራጭና በዝገት ትደፈናለች፤ ግማሹ «የተበላሸ» መሣሪያ እዚያው ይድናል። ቀጥሎ ግፊቱን እየሠራ ሳለ ይለኩ። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርገው ለትንሽ ጊዜ ይተውት፤ የተጣበቀ ክንፍ ይላቀቃል። መተንፈሻው ላይ በረዶ ካዩ አይደንግጡ፤ አየር ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ግን በዝቷል ማለት ነው፣ ወደ ታንኩ ይመለሱ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ክንፎቹ አልቀዋል፤ አንዱ ቢሰበር እንኳ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀይሩ። ሞርሳ ላይ ሲያስሩት ከለስላሳ እንጨት መካከል ያድርጉት፤ የተጨመቀ ገላ ክንፍ አያስኬድም።

የግራይንደር ዲስክ ሲቀይሩ የዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከመሣሪያው የሚበልጥ መሆኑን ይዩ። መከለያውን አያውልቁ። ማስነሻውን በሽቦ አስሮ መሥራትም አለ፤ ያ መሣሪያ ሲወድቅ የሚያስቆመው የለም።

ያረጀውን ታንክ ልሸጠው? ገዢ አለ።

ገዢው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ መለኪያ ገጥሞ ወልዲያ ወይም ቆቦ ላይ ላልጠረጠረ ሰው ይሸጠዋል። ግፊቱን ጨርሰው ያውጡ፣ ማፍሰሻውንና ቫልቩን ፈትተው ይክፈቱት፣ በሆዱ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ በመጋዝ ይቁረጡበትና በኪሎ ለብረት ሰብሳቢ ይስጡት።